ጉበቱና የመዳቡ ገንቦ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ የፈራሁት በኮረሪማው እርሻ መሃል ነጭ ጥምጥሙን አስሮ ሽቅብ እየወጣ ነበር። ጉበቱን መጥበሻው ላይ ጣል አድርጌ ቀና ብል ሃርካጂት፣ የምራቴ አባት።

«ሙና፣ አባትሽ መጣ» አልኳት።

ሎሚው ከእጇ አመለጠና እስከ በሩ ተንከባለለ። ጎንበስ ብላ ልታነሳው አልቻለችም፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ጉልበትም የላትም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

እኛ ቤት አሳማ ሲታረድ ልጆች በጆሮው፣ ሽማግሌዎች በጉበቱ ይጣላሉ። የሙና ቤተሰቦች ግን ሥጋና ጠላ እርም ያሉ፣ ጠዋት ማታ የሚጸልዩ ሰዎች ናቸው። ልጄ ካልወሰድኳት ብሎ ድርቅ ሲል (ግትርነቱን ከማን እንደወረሰ አትጠይቁኝ) ሃርካጂት ልጁን የሰጠን ከአንድ የመዳብ ገንቦ ጋር ነው። በገዛ እጁ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠውና፣ «እዚህ ቤት ስመጣ ውኃ የምጠጣው ከልጄ እጅ ብቻ ነው። እጇ ሥጋ የነካ ቀን እናንተ ልጅ ጨመራችሁ፣ እኔ ልጅ የለኝም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሙና ያንን ገንቦ በየማለዳው በአመድ ፈትጋ እንደ መስታወት ትወለውለዋለች። እኔ አልነካሁትም፤ እርግማን አልወድም። ምግቧንም ለብቻዋ ታበስላለች። «ይሄ ጎመንሽ ብቸኝነት ገድሎት ሊያለቅስ ነው» እላታለሁ። «እማ፣ የሚያለቅሰውስ ጋጥ ውስጥ ያለው ያንቺው አሳማ ነው» ትለኛለች። ልጄ ማሌዢያ ለሥራ ሲሄድ እንዲህ እየተነካከስን ሁለታችን ቀረን። እወዳታለሁ። የራሴን ሴት ልጅ እንኳ እንዲህ አልወደድኳትም፤ እሷም ታውቀዋለች።

ከዚያ ልጄ ለዕረፍት መጥቶ ሲመለስ አርግዛ ቀረች፣ ፊቷም ከቀን ወደ ቀን አመድ መሰለ። ከምንጩ እስከ በሩ ለመድረስ ሁለቴ ሦስቴ ትቀመጣለች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ቢንዱ በአውራ ጣቷ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየች፤ ውስጡ ነጭ ነው፣ ደም የለውም። ደሟን መረመረች። የብረት ክኒን ሰጠችን፤ ሙና እሱን በዋጠች ቁጥር የበላችውን ሁሉ ታስመልሳለች። ሌላ ዓይነት ሰጠችን፤ ያው ነው። ሳማ ቀቀለች፣ ምስር በላች። ደሟ ወይ ፍንክች።

«ሳማውም ምስሩም ጥሩ ነው፣ እንዳትተዪው» አለቻት ቢንዱ። «ግን ሰውነት ከቅጠል ብረት የሚወስደው ጥቂቱን ነው። ከጉበት ሲሆን በደንብ ይወስዳል። የአሳማ ጉበት ደግሞ ከበሬውም ይበልጣል። ጣፊያውም መልካም ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «እማማ ሳንቻ፣ እርስዎን ደግሞ አውቅዎታለሁ፤ በአንዴ አንድ ሙሉ ጉበት እንዳያጎርሷት። ሲበዛ ለፅንሱ አይሆንም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ትንሽ፣ ውስጡ ደም እስከማይታይ በስሎ፣ ሎሚ ተጨምቆበት። ሻይ ደግሞ ከላዩ አትጠጣ።»

«እምቢ ካለችስ?»

«በዚህ ደም ከወለደች፣ ሌላ ሴት የምትችለው መድማት እሷን ሊወስዳት ይችላል። ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ ደግሞ ናዳ ዘግቶታል።»

እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ያን ጊዜ ግን አፌን ያዝኩ። እምነት የሰው ነው፤ በእጄ አፏን ከፍቼ አላጎርሳትም። ስንት ቀን ተክዛ፣ አንድ ምሽት ራሷ መጥታ እምድጃዬ አጠገብ ቁጭ አለችና፣ «እማ፣ ከጉበቱ ቁረጪልኝ» አለችኝ። ዓይኗን ጨፍና በላች። አንጀቴን በላችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንቦውን አልነካችም። «ኧረ ፈትጊው፤ ማን ያውቃል?» ብላት፣ «እሱ ባያውቅም ውኃው ያውቃል» አለችኝ።

እንግዲህ ሃርካጂት ደረሰ። መጥበሻው ላይ ክዳን ደፋሁበት። የጉበት ሽታ በክዳን ይደበቅ ይመስል። በረንዳው ላይ ምንጣፍ ዘረጋሁለት፣ ተቀመጠ። ስለ ልጄ ጠየቀ፣ ስለ ኮረሪማው በሽታ ጠየቀ። አፉ ከእኔ ጋር ነው፤ ዓይኑ ግን ቀስ እያለ ወደ ውስጥ፣ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ገንቦው ጠቁሯል፤ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። አይቶታል።

«ሙና፣ ልጄ» አለ። «ውኃ ስጪኝ። ዳገቱ ጉሮሮዬን አደረቀው።»

«ነርሷ ዕቃ እንዳታነሳ ከልክላታለች» ብዬ ዘው አልኩ።

«አማቼ፣ አንድ ኩባያ ውኃ እኮ ድንጋይ አይደለም። ከእርስዎ እጅ እንደማልጠጣ ደግሞ ያውቃሉ፣ ቅር አይበልዎት።»

«ለምጄዋለሁ» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ሁሌም ቅር ይለኛል።

ሙና ወደ መደርደሪያው ሄደች። ስጪው እያልኩ በዓይኔ ለመንኳት። አንድ ኩባያ ውኃ ነው፤ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል፤ አንቺም አባት ይኖርሻል። እጇን ዘረጋች። ገንቦው ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መለሰችው። ተመልሳ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አባ፣ መስጠት አልችልም።»

«ለምን?»

«ጉበት በልቻለሁ። ዛሬም ልበላ ነው።»

ከጋጡ አሳማው ሲያጉረመርም ይሰማል። እኔ አላስቻለኝም። «ከተራገሙ እኔን ይራገሙ። ጠብሼ ያበላኋት እኔ ነኝ» አልኩት።

ዞር ብሎም አላየኝ። ተነስቶ ወደ ልጁ ተጠጋ። እጁን ሲያነሳ የሚመታት መስሎኝ መሃል ልገባ ነበር። እሱ ግን አውራ ጣቱን ዓይኗ ሥር አድርጎ ቆቡን ገለበጠው፣ ልክ እንደ ቢንዱ።

«የእናትሽም እንዲህ ነጭ ነበር» አለ። «እኔ ቅጠል ነበር የምቀቅልላት።»

የሙና እናት በወሊድ መሞቷን አውቅ ነበር። ይሄን ግን አላውቅም ነበር።

ሃርካጂት ገባና ገንቦውን በመደርደሪያው ላይ በአፉ ደፋው። «ቃል ቃል ነው። ከእጅሽ አልጠጣም» አላት። ሊወጣ ሲል ወደ እኔ ዞረ። «ክዳኑን ያንሱት እንጂ። እያረረ ነው።»

ቁልቁል ሲወርድ አየሁት። ምንጩ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ፣ ልጅ እንደሌለው ሰው በሁለት መዳፉ ጠጣ። ሙናም አይታዋለች። ያረረውን ፍቄ፣ በሩ ሥር የወደቀውን ሎሚ አንስቼ አጥቤ ጨመቅኩበት። እያለቀሰች በላች። አንዲት ቁራጭ አላስተረፈችም።

በቆሎው ሲደርስ ወለደች። ደማች። ቢንዱ መርፌ ወግታ ሆዷን በሁለት እጇ እያሸች፣ እኔ እግሯን ይዤ፣ የማውቀውን አምላክ ሁሉ ጠራሁ። ደሙ ሲቆም ቢንዱ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። «የነበራት ደም በቃት» አለች። «ባለፈው የነበራት ቢሆን አይበቃትም ነበር።» ሴት ልጅ ነች። እግዜር ይስጠው፣ አፍንጫዋ የእኔን አልመሰለም።

ስም በወጣላት ቀን ሃርካጂት መጣ። ማንም አልጠራውም። በቅጠል የጠቀለለው አመድ ይዟል። ቃል ሳይተነፍስ ገንቦውን አወረደ፣ ምንጩ ጋ ወርዶ ሲፈትግ ቆየና ሞልቶት ተመለሰ። ሙና እንዳትነካው ከግድግዳው ተለጥፋ ቆመች። እሱ በኩባያ ቀዳና እኔ ጎን ቁጭ አለ። ሕፃኗ ጭኔ ላይ ናት። የተጨበጠች እጇን ቀስ አድርጎ ፈታና በኩባያው አፍ ላይ አስያዛት።

«ይቺ እጅ ሥጋ ነክታለች?» አለኝ።

«ከእናቷ ጡት ሌላ ምንም አልነካች።»

«እንግዲያው የልጅ ልጄ ውኃ ሰጠችኝ» አለና ጠጣ። እስከ መጨረሻው ጠጣው። ሲጨርስ ኩባያውን አስቀምጦ ሙናን ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ያኔ ነው ከግድግዳው የተላቀቀችው።

እኔ ማልቀስ ስለማልወድ፣ «ጥርስ ታወጣለች እኮ» አልኩት። «ያወጣች ቀን እኔ ነኝ ጉበት የማጎርሳት።»

«አውቃለሁ» አለ። «እስከዚያ ድረስ እየመጣሁ እጠጣለሁ።»

እንዳለውም ዳገቱን እየወጣ ይመጣል። እኔ ሳንቻ፣ በአሳማዬ የምኮራው ሴትዮ፣ በየጠዋቱ የልጅቷን ድድ በጣቴ እየዳሰስኩ ጥርሷ እንዲዘገይ እለምናለሁ።