ቀይ መስመሬ

ሃያ ሁለት ዓመት ድርሰት ካስተማርኩ በኋላ አሰልጣኝ ተመደበልኝ። የመጨረሻ ልጄን የሚያክል ወጣት ነው። "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" አልኩ በልቤ፤ ከአፌ ሳያመልጠኝ አልቀረም፣ ሳቀ።

ከእሱ ጋር ኮምፒውተሮችም መጡ። ተማሪዎቹ ሲጽፉ የእያንዳንዳቸው ገጽ ከኋላቸው ባለው ጠረጴዛዬ ላይ ይታየኛል፤ ስህተት ካየሁ እዚያው በቀይ አሰምርበታለሁ፣ እነሱም ወዲያው ያዩታል። ወደድኩት። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በሙቀት እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው፣ ፊደሎቹ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። እኔም በሰመመን እየተከተልኩ አሰምራለሁ።

መስኮቱ ጥግ የምትቀመጠው ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ ከሦስት መስመር በላይ አስረክባኝ አታውቅም። ዛሬ አንድ ገጽ ካልሞላች ክፍሉን ትደግማለች።

"ሰነፍ ናት፣ ምን ላድርጋት?" አልኩት አሰልጣኙን።

"እትዬ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ" አለና ያለፈውን ሳምንት ጽሑፏን፣ ስትጽፍና ስታጠፋ ኮምፒውተሩ እንደመዘገበው፣ ከመጀመሪያው አጫወተልኝ።

"ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እናቴ በር ሲንኳኳ አትከፍትም" የሚል መጣ። ቀይ መስመሬ አረፈበት። ዓረፍተ ነገሩ ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። አነጋገሩ ተለውጦ ተመልሶ መጣ፤ አሰመርኩ፤ ጠፋ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ ሁለት ገጽ ሙሉ አጥፍታለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ዛሬ ምንም እንዳይነኩ" አለኝ። "ካልሆነልዎም እጅዎ ላይ ይቀመጡ።"

ተቀመጥኩበት፤ እውነቴን ነው።

ልጅቷ ጀመረች። አንድ ስህተት አየሁ፣ ሌላም። እጄን በላኝ። ግማሽ ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሁሉንም ልታጠፋው ነው ብዬ ፈራሁ። ከታች አዲስ መስመር ብቅ አለ፦

"ቲቸር፣ የሉም እንዴ?"

ቀዩ ሲቀር ጥያት የሄድኩ መስሏታል። አንድ እጄን አውጥቼ በጥቁር ጻፍኩላት፦ "አለሁ። እያነበብኩ ነው። ከዚያስ?"

ዞር ብላ አየችኝና ወደ ጽሑፏ ተመለሰች።

ደወሉ ተደወለ። ሌሎቹ እየተንጫጩ ወጡ። እሷ ቀና አላለችም፤ ገጹ ሞልቶ ሁለተኛውን ስትጀምር እኔ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር።