ጀርባቸው የጎበጠ ዓሦች

«ነፍሳቸውን ይማር። ብርብራውን ግን ምን አስነካቸው?»

ጎረቤታቸው እትዬ ገበያነሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ የሷ ሹክሹክታ ግን እስከ ጓዳ ይሰማል። ላቀው ሰማ። አባቱ አቶ አሻግሬ ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ዛሬም የሚለቀሱት የዛሪማን ወንዝ በብርብራ ፍሬ መርዘው ዓሣ የፈጁ ሰው ተብለው ነው።

እህቱ ማንጠግቦሽ ቀና አለች። «አባቴ በታቦት ምለዋል።»

«መማሉንማ ማሉ። ምን ይሆናል፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።»

ላቀው አንገቱን ደፋ። አፈረ፤ ማፈር የጀመረው ግን ዛሬ አይደለም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ደርግ መንገዱን በወታደር መኪና ባጨናነቀበት ሰሞን፣ ላቀው የመንግሥት ጋራዥ ይሠራ ነበር። የአባቱ መረብ ክብደት አጥቶ ሲንሳፈፍ አይቶ «መረቡን የሚያሰምጥ እርሳስ ላምጣልዎ» አለና ያረጁ የካሚዮን ባትሪዎች ከጋራዡ ግቢ ደብቆ አውጥቶ ወንዝ ወረደ። ከማጥመጃቸው በላይ ሰብሮ፣ አሲዱንና ጥቁሩን ጭቃ ወንዙ ውስጥ አጠበ፤ እርሳሱን አቅልጦ ሰጣቸው። «ተባረክ ልጄ» አሉት። ምርቃት ጣፍጦት በጋውን ሙሉ ሲያጥብ ከረመ።

ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፍ ጀመር። የተረፈውም ጅራቱ ጠቁሮ፣ ጀርባው ጎብጦ ይወጣል። የጋራዡ አለቃ «የባትሪ እጣቢ መርዝ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ድፋ» ሲለው ነው የገባው።

አገሬው ግን ዓሣ ሲያልቅ የሚያውቀው ብርብራን ነው፤ ብርብራ የሚያውቀው ደግሞ አጥማጅ ነው። ቄስ ተክለ ማርያም ሕዝቡን ሰብስበው «አውቆ የደበቀ ውጉዝ ይሁን፤ እጁንም የሚጨብጥ አይኑር» ብለው ገዘቱ። አባቱ ማሉ። ላቀው አጠገባቸው ቆሞ ዝም አለ፤ ባትሪው የመንግሥት ንብረት ነው፣ ያሳስራል። ከዚያ ወዲህ የአቶ አሻግሬን ዝክር የሚቀምስ ጠፋ።

በሠልስቱ ቄስ ተክለ ማርያም ጸሎት አድርሰው መስቀላቸውን ዘረጉለት። ላቀው አልተሳለመም።

«አባ፣ ውጉዙ እኔ ነኝ። ዓሣውን የፈጀሁት እኔ ነኝ።» የባትሪውን ነገር አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

«አሻግሬ ያውቁ ነበር?»

«አያውቁም። እንደመረቁኝ ነው የሞቱት።»

ማንጠግቦሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ይህን ጊዜ አጎታቸው ክንዴ ከመካነ ብርሃን ደረሱ። በእግር መጥተው አቧራ ለብሰዋል፤ ምንም አልሰሙም። ቀጥታ ወደ ላቀው ሄደው እጃቸውን ዘረጉ።

«እግዚአብሔር ያጥናህ፣ ልጄ።»

ላቀው ሁለት እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተና በአገጩ ወደ እህቱ አመለከታቸው።