የሰው ግመል

ሀያቱ የግመሏን አንገት እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ወተት ሻጩ ጎሊቻ ቢጠራትም አልሰማችውም። ከግመሏ ጆሮ ሥር በእሳት የተተኮሰው ምልክት፣ ሁለት ሰረዝና አንድ ክብ፣ ዕድሜ ልኳን ስትሰደብበት የኖረችው የጋልማ ቤት ምልክት ነው። ኬንያ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ምን ሊሠራ መጣ?

"ሀፓና፣ ማማ፤ አይሆንም። ይቺ አትሸጥም" አላት ጎሊቻ ገመዱን እየሳበ።

ሀያቱ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል የመጣች ከብት ነጋዴ ናት፤ ስንቱን ባለ ግመል በምላሷ ያንበረከከች። ያን ዕለት ግን ዋጋ መጥራቱንም ረሳች። አያቷ ዓምበሮ፣ እሷ ሳትወለድ፣ በድርቅ ጊዜ የጎረቤቱን የጋልማን አባት ግመሎች ውሃ ላጠጣ ብሎ እንደነዳ በዚያው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የዓምበሮ ዘር በሙሉ "የግመል ሌባ" ነው። ባለፈው ወር እንኳ ልጇ ኢብሳ የጋልማን የልጅ ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ቢልክ፣ ጋልማ "ለሌባ ዘር ልጅ የለንም" ብሎ በሰው ፊት መለሳቸው። የዚያን ቀን ለቅሶዋን ለጠላቷም አትመኝም።

"ታዲያ የማን ናት?"

"የሰው ናት። አባቴ አደራ ብሎኝ ነው የሞተው። የባለቤቱን ስም ለመጥራት ያፍር ነበር፤ 'ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ይመጣል' ብቻ ነው ያለኝ።"

"አባትህ ማን ይባላል?"

ጎሊቻ እንደ አገሩ ደንብ አባቶቹን ቆጠረላት። "ዓምበሮ፣ ቦሩ፣ ሁቃ..." የቀሩትን እሷ ጨረሰችለት። ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

"አንቺ ማነሽ?"

"አባቴ የዓምበሮ የበኩር ልጅ ነው። የወንድምህ ልጅ ነኝ።"

በማግስቱ በሾፌሩ በባሺር ሎሪ የቀሩት ግመሎች ወደሚውሉበት ወደ ኡራን ሄዱ። መንገድ ላይ ሀያቱ የኢብሳን ሽምግልና ነገረችው፤ ጎሊቻም የአባቱን ነገር ሁሉ አጫወታት። ዓምበሮ ሊመለስ ሲነሣ መንገዱን ወንበዴ ዘጋው፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ እሱ እዚህ ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዷል። "ዝናብ ሲጥል እሄዳለሁ" እንዳለ ዝናቡም ጣለ፣ እሱም አረጀ።

"አያቴ በር በሩን ስታይ ሞተች" አለች ሀያቱ። ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ። "ሌባስ አልነበረም። አያቴን ፈርቶ ነው የቀረው!"

ኡራን ደርሰው ከሎሪው ሲወርዱ ግመሎቹ ጉድጓዱን ከበው ውሃ ይጠጣሉ። ዓምበሮ የነዳቸው ጥቂት እንስቶች ነበሩ፤ አሁን ሜዳውን ሞልተውታል። ግልገሎቹ ሳይቀሩ ሁሉም ጆሮ ሥር ያው የጋልማ ቤት ምልክት አለ።

"የተወለደውም የእነሱ ነው" አለ ጎሊቻ። "እኛ የጠጣነው ወተቱን ብቻ ነው።"

ሀያቱ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ ነበር። ስትሰደብ ያደገችበት ስም እዚህ ሜዳ ላይ ቆሞ ያመሰኳል።

ባሺር እጁን በሱሪው ጠረገ። "ሌሎች ሎሪዎች አፈላልጌ ልጫንልሽ። ሲመሽ ጋልማ ደጅ ላይ ናቸው።"

"አይጫኑም" አለች ሀያቱ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች ተነሥታ። "በእግራቸው ይሄዳሉ፤ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው መሃል። እኔና አጎቴ ከፊት።"

"ጋልማ ልጅቷን ለኢብሳ ካልሰጠስ?" አለ ጎሊቻ።

"እንግዲህ ሽማግሌ የሚልከው እሱ ነው።" ወደ መንጋው ዞረች። "ቃጭል አለህ? ሁሉም አንገት ላይ እሰርልኝ። ቤቱ የተኛም ይስማ።"