ጎረቤት የተቀጠረው እድል

ናርዶስ እድሏ ጎረቤት ሱቅ ተቀጥሮ ሲሠራ ያየችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አጠር ያለ፣ ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው ነበር። እሷ ግራ ጉንጭ ላይ ያለው ማርያም የሳመችው ምልክት እሱም ጉንጭ ላይ ስላለ ወዲያው ለየችው። የጎረቤቷን የህሊናን የቆዳ ቦርሳዎች እየወለወለ በር ላይ ይሰቅላል። ገዢው ከመንገድ ማዶ ሳይቀር ተሻግሮ ይገባል።

ሁለቱም አዳማ ውስጥ ቦርሳ እየሰፉ ይሸጣሉ፤ ሱቆቻቸውን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ናርዶስ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና በተባለበት ሁሉ ተገኝታለች። ቦርሳዋን ዱባይ የማስገባት ሐሳብ አላት። እድል የሚባለው የሰነፍ ሰበብ ነው፣ ጠንክሮ የተማረ ያገኛል ትል ነበር። ህሊና ግን ስፌቷ ይጣመማል፣ ምክርም የምትሰማው በግማሽ ጆሮ ነው። ይህችው ህሊና ሰሞኑን ሁለተኛ የስፌት መኪና አስገባች። ያን ቀን ናርዶስ ምሳ አልበላ አላት። ቅናት ነው እንግዲህ፣ ሌላ ስም የለውም።

ያን ማክሰኞ ናርዶስ ህሊና ለምሳ ስትወጣ ጠብቃ ሱቋ ገባች።

«የኔ እድል አይደለህ እንዴ? እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ተቀጥሬ ነዋ» አላት መወልወሉን ሳያቋርጥ። «መጀመሪያማ የመጣሁት አንቺ ጋ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስትከፍቺ የመጀመሪያ ገዢሽ እኔ ነበርኩ። ማሟሻ ነው፣ ትንሽ ቀንሺልኝ ስልሽ ዋጋው አንድ ነው አልሽኝ።»

ትዝ አላት። «ሥልጠና ላይ እንደዛ ነው የተማርነው።»

«በደንብ ተምረሻል። ህሊና ግን ገደኛ ሁንልኝ ብላ ቀነሰችልኝ።»

«አሁንስ?»

«ከፈለግሽ ዛሬውኑ እመጣለሁ። ጓዜም ብዙ አይደለም።»

«እኔ ጋ ከመጣህ እሷ ትዘጋለች?»

«ለምን ትዘጋለች? እየለፋች ትኖራለች። ሁለተኛዋ መኪናም የትም አትሄድባትም።»

ናርዶስ መኪናዋን አየቻት። ላስቲኳ እንኳ ገና አልተነሳም። መኪናዋ እዚህ እንደቆመች እድሉ ቢመለስላት ምን ሊረባት?

«ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ። ሁለታችሁንም ትቼ መሄድ።»

«እንግዲያው ሂድ።»

እድሏ ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ። ደህና ዋይ ብሏት ወደ መናኸሪያው አቀና።

በማግስቱ መንገደኛው ሁሉ ፋርማሲው በር ላይ ያነሳውን እግር የሚያሳርፈው ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሆነ። በመሃል ያሉት የናርዶስና የህሊና ሱቆች ናቸው። ቢጣሩም ዞር የሚል የለም። ከሰዓት በኋላ ፋርማሲውና ፀጉር ቤቱ እየተቀራረቡ መጡ። ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ሳይነሳ ከፋርማሲስቷ ጋር ያወራ ጀመር።

«ናርዲ፣ አንቺም ጋ ጠበበ?» አለች ህሊና ከግድግዳው ወዲያ።

ግድግዳው ተሰንጥቆ ነበርና ናርዶስ አንድ ዓይኗን አስጠግታ አየች። ህሊና ጉንጯ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በጎኗ ቆማለች። የእሷ በኩል በአንድ ጣት ያህል ይበልጥ ጠቧል። ናርዶስ ደስ አላት፤ የቀራትንም አየር ቀስ ብላ ሳበች።