የቀበሮው ተረት ባለቤት

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ውጫሌ ሲቃረብ፣ የአንዲት የአምባሰል ቀበሌ ሊቀመንበር የነበረው አብዱልሃሚድ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ «አትረበሹ፣ ማንም ከቤቱ እንዳይነቃነቅ» አለ። በማግስቱ ሚስቱንና ቴሌቪዥኑን ባጃጅ ላይ ጭኖ በሐይቅ በኩል ሹልክ አለ።

ቀበሌዋን ይዘው የከረሙት ታጣቂዎች ታኅሣሥ ላይ ሲወጡ ተመለሰ። ተመልሶም ቤት ለቤት እየዞረ ሰው ይመረምር ጀመር። ፈዲላ ከጅዳ መጥታ የታመመች እናቷን የምታስታምም ሴት ናት። እሷንም፣ «እኛ በሌለንበት ከነሱ ጋር ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» አላት።

«እናቴን ሳገላብጥ» አለችው።

በማግስቱ ውሃ ወረፋ ላይ ከራሷ ፈጥራ ለሴቶቹ አንድ ተረት አወራች። ቀበሮ የበጎች ሹም ነበር አሉ፤ ጅብ መጣ ሲባል «አይዟችሁ፣ ከበረት አትውጡ» ብሎ እሱ በአህያ ፈረጠጠ። ጅቡ ሲሄድ ተመልሶ የተረፉትን በጎች «ለምን ከጅብ ጋር አደራችሁ?» ብሎ ከሰሳቸው። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ወሬው ሐይቅ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ቀበሮው ቴሌቪዥን ተሸክሟል።

በዓመቱ ወልዴ የተባለ የባህል ባለሙያ ከከተማ መጣ። ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስቦ፣ «የሕዝብ ተረት ማለት ደራሲው የማይታወቅ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣ፣ የሁላችንም የሆነ ነው» ሲል አስረዳና የሚያውቅ ካለ እንዲናገር ጠየቀ። ሽማግሌው ኑርዬ ተነስተው ቀበሮውን ከነቴሌቪዥኑ ተረቱት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ከፊት የተቀመጠው አብዱልሃሚድ ፊቱ ጠቆረ። «ይህን ማነው የፈጠረው?»

«ከሰው ሰማሁት» አሉ ኑርዬ።

«ከየትኛው ሰው?»

ፈዲላ መሬት መሬቱን ታያለች።

«አይድከሙ ሊቀመንበር» አለ ወልዴ ደስ ብሎት። «ባለቤት የለውም፤ የሕዝብ ተረት ትርጉሙ ይኸው ነው። ይህ እንዲያውም ቢያንስ ሦስት መቶ ዓመት ይሆነዋል።»

«ቴሌቪዥኑስ?» አለ አብዱልሃሚድ አምልጦት።

«እሱ በኋላ የገባ ነው።»

አብዱልሃሚድ ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ። ሦስት መቶ ዓመት ከሆነው እሱን አይመለከትም። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው «ጥንታዊ ቅርሳችን» እያለ ራሱ ይተርተው ጀመር። ሰው በሳቅ ሲንፈራፈር ተረት አዋቂ የሆነ መሰለው።

ፈዲላ መጀመሪያ ከሱ አፍ ስትሰማው «የኔ ነው» ልትል ምንም አልቀራት። ኋላ ግን ቀበሮው ስለ ቀበሮ ለበጎች ሲያወራ መስማቱን ወደደችው፤ ከሁሉ አብልጣ ሳቀች። አብዱልሃሚድም ከመድረኩ ላይ ሆኖ በምስጋና ራሱን ነቀነቀላት።