በዓመቱ ያፈራው ኮክ

ሎርና እንደ ወትሮዋ ገና ሳይነጋ ተነሣች። ቡና አፈላች፣ ዳቦ ጠበሰች፣ አንድ ሳህን አወጣች። ስኒዋን ይዛ የጓሮውን በር ስትከፍት፣ ባሏ ኤመት የሞተ ሰሞን የተከለችው ኮክ አበባውን አራግፎ ሽንብራ የሚያካክሉ ፍሬዎች ቋጥሯል። ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ቆማ ስታየው ቡናው ቀዘቀዘ።

ዕለቱ የመሬት ሩጫ ቀን ነበር። ተማሪዎቿ በየሚያዝያው ባርኔጣ አጥልቀው፣ ጨርቅ የለበሰ ጋሪ እየጎተቱ፣ ተኩስ ሲሰሙ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ይሮጣሉ፤ ቀድሞ የደረሰ ችካሉን ተክሎ መሬቱን የራሱ ያደርጋል። ከመቶ ዓመት በፊት የአሜሪካዋን ኦክላሆማ ያቀኑት ሰፋሪዎች መሬት የያዙት እንዲሁ ነበር። ከሩጫው በፊት የኤመትን ታሪክ መስማት ደንብ ነው። በሕይወት ሳለ ራሱ ይተርከው ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ሎርና የተቀዳ ድምፁን በማጉያ ታሰማለች። ሌላ የተቀዳ ድምፅ የለውም። እሷም ብትሆን በዓመት አንድ ቀን፣ ልጆቹ መሀል ቆማ ካልሆነ አትሰማውም።

ታሪኩ አጭር ነው። ቅድመ አያቱ በፈረስ ቀድሞ ደርሶ ችካሉን ተከለ፤ በዓመቱ ከገዛ ጓሮው ኮክ ለቅሞ በላ። «ምድሪቱ ባዶዋን ተቀምጣ እኛን ስትጠብቅ ነበር» ይላል ኤመት ሲጨርስ፤ «ከባሕር እስከ ባሕር ለእኛ የተጻፈች ናት።»

በዓመቱ። ሎርና የትምህርት ቤቱን መንገድ ሙሉ ይህችን ቃል ስታላምጥ ሄደች።

ጄራልዲን ከጎኗ ክፍል የምታስተምር የብዙ ዘመን ባልንጀራዋ ናት፤ ሰፋሪዎቹ ሳይመጡ በዚያ አገር ይኖር ከነበረው፣ ሳክ ከሚባለው ነባር ሕዝብ ትወለዳለች። በሩጫ ቀን ሜዳ አትወጣም፤ የምታርመው ወረቀት አይጠፋትም። ሎርና በሩ ላይ ቆማ ኮክ በስንት ዓመቱ እንደሚያፈራ ጠየቀቻት።

«በሦስት። ከሰነፈ በአራት።»

«የኤመት ቅድመ አያት ግን በዓመቱ በላ።»

«እጁ የተባረከ ነበራ» አለች ጄራልዲን፣ ቀና ሳትል። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች። በእነሱ ቤት የሚወራው ሌላ ነው፦ የአያቷ እናት ጓሮዋን ልቀቂ ስትባል ኮኳ ገና ማፍራት መጀመሩ ነበር። ያው ጓሮ ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም፤ ኮክ ተክሎ የለቀቀ ብዙ ነው።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ዝም አልሽኝ?»

«ኤመት ሲያወራው ደስ ይለው ነበር፣ አንቺ። ከሞተ በኋላማ በምን አፌ?»

ሜዳው ላይ ልጆቹ ችካላቸውን ታቅፈው ማጉያውን ይመለከታሉ። የሎርና ጣት ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አነሣችውና ታሪኩን በራሷ አፍ ጀመረች። ኮኩ ጋ ስትደርስ ምድሪቱ ትጠብቀን ነበር አላለችም፤ ኮኩን ማን የተከለው እንደሚመስላቸው ጠየቀቻቸው።

አንዱ ወፍ ነው አለ። ሌላው፣ ተኩስ ሳይሰማ ሾልኮ የገባ አጭበርባሪ ነው ብሎ ተከራከረ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«የተከለው ሰውዬ ችካል አልነበረውም?»

ሎርና ጥያቄውን ጮክ ብላ ለሁሉም ደገመችው። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ ረፈደ፤ በኋላ ሮጡ።

ዘንድሮ በሜዳው ላይ የኤመት ድምፅ አልተሰማም።