የአምባሳደሩ ድንጋይ

ኃይለ ሚካኤል ኮቱን አውልቆ ለሾፌሩ ሲሰጥ ወለተ ኪዳን ደጃፏ ላይ ቆማ ታየው ነበር። አምባሳደር ሆኖ በተሾመ በሳምንቱ ወደ ትውልድ መንደሩ ሮብ ገበያ የመጣው እሷን ናፍቆ እንዳልሆነ ታውቃለች። አባቱ "ከወለተ ኪዳን ሳትታረቅ ምርቃቴን አትጠብቅ" ብለውት ነው።

ልጇ የኔአለም ከስድስት ዓመት በፊት ዐረብ አገር ከአሠሪዎቿ ቤት ታማ አምልጣ፣ ኤምባሲው በር ላይ ሦስት ቀን ተቀምጣለች። ያኔ ቆንስሉ እሱ ነበር። አሠሪዎቿን አስጠርቶ አስረከባት። በወሩ በሣጥን መጣች። ከሣጥኑ ጋር በእሱ ፊርማ "ኤምባሲው የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል" የሚል ደብዳቤ ለወለተ ኪዳን ደረሳት፤ ሐዘኑ ማኅተም ነበረው። እሱም ከዚያ ወዲህ አማካሪ፣ ቀጥሎ ምክትል የሚሲዮን መሪ፣ አሁን ደግሞ ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ሆነ።

ሽማግሌዎች ሲለምኗት ከርመው "ድንጋይ ተሸክሞ ከመጣ ይቅር እላለሁ" ብላ ቃል ሰጥታለች። ለራሷም ብላ ነው። መቁረብ ትፈልጋለች፤ ቂም ይዞ ጸሎት ደግሞ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።

"አባ፣ ስልክ የያዘ ሰው አለ?" ሲል ኃይለ ሚካኤል አስታራቂውን ቄስ አባ ዘመንፈስቅዱስን ጠየቃቸው።

"ስልክ ምን ያደርግልሃል?"

"ቪዲዮ እንዳይቀርጹኝ ነው። መሥሪያ ቤቴ ጥፋት እንዳመንሁ ይቆጥረዋል።"

"ታዲያ አላመንህም?"

"በግሌ አዝኛለሁ። ግን መመሪያ ነበር።"

ወለተ ኪዳን ሰማች። ለቃሏ ስትል ዋጥ አደረገችው።

አባ በመቋሚያቸው የግቢዋን ካብ አሳዩት። ኃይለ ሚካኤል ጎንበስ ብሎ አንዱን ድንጋይ አነሣ። ከበደው። ሸሚዙን አየና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ዳቦ የምታክል ትንሽ ድንጋይ መረጠ፣ አፈሯን በመሐረቡ ጠረገ፣ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ፊቷ ቆመ።

"እትዬ፣ በተፈጠረው ነገር ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

"ምን ተፈጠረ?"

"ሟቿ..." ብሎ ጀመረና አባን ቀና ብሎ አያቸው። ስሟ ጠፍቶት ነበር።

ወለተ ኪዳን እንዲህ የጠላችው የሬሳ ሣጥኑ የመጣ ቀን እንኳ አልነበረም።

"ልጄ፣ ቃል ሰጥተሻል" አሏት አባ ዘመንፈስቅዱስ በልመና ድምፅ።

"ቃሌማ አለ፣ አባቴ። ድንጋዩ ነው ያልመጣው።" ወደ ኃይለ ሚካኤል ዞረች። "ይችን መልሰህ ካብና የተውከውን አንሣ። ስሟንም ጠይቀህ ና።"

ነጠላዋን አጣፍታ የደጁ መደብ ላይ ተቀመጠች። ቀኑ ገና ነው፤ እሷን እንደ እሱ የሚጠብቃት አውሮፕላን የለም።